የማላውቀው ዋይፋይ ቤቴ ውስጥ ታየ፤ የማን ነው?

እህቴ ማታ 3 ሰዓት ላይ ደወለችልኝ። "ቤቴ ውስጥ የማላውቀው ዋይፋይ አለ። ከራሴም በላይ ሙሉ ነው። ሰው ገባብኝ መሰለኝ" አለች። ከልጇ ጋር ብቻዋን ነው የምትኖረው፤ ፍርሃቷ ገባኝ። ተነስቼ ሄድኩ።

መጀመሪያ አንድ ነገር እንለይ። ስልካችሁ ላይ የሌላ ዋይፋይ ስም መታየቱ አንድ ነገር ነው። ሰው በእናንተ ዋይፋይ መጠቀሙ ደግሞ ሌላ ነው። ስልክ በአካባቢው ያገኘውን ሁሉ ይዘረዝራል። ኮንዶሚኒየም ከሆነ ከላይም፣ ከታችም፣ ከጎንም ያለው ይመጣል። አዲስ ስም ስላያችሁ ብቻ ሰው ገብቶባችኋል ማለት አይደለም።

ከቤት ነው ከውጭ?

ስሙን ለጊዜው ተዉት። ስም ማንም እንደፈለገ ያወጣል። ዋናው ከየት እንደሚመጣ ማወቅ ነው።

ስልካችሁን ይዛችሁ የቤታችሁን ብሬከር አውርዱ። አንድ ደቂቃ ጠብቁ፤ ስልክ የቆየውን ዝርዝር ወዲያው አያጠፋም። ስሙ ከጠፋ ዕቃው ያለው እናንተው ቤት ነው። ካልጠፋ ወይ ከጎረቤት ነው፣ ወይ ባትሪ ካለው ዕቃ ነው፦ ስልክ፣ ላፕቶፕ፣ ሚፋይ (በኪስ የሚያዝ ትንሽ ራውተር)። የሰፈሩ መብራት ሲጠፋም ዝርዝሩን እዩት። ጄኔሬተርና ዩፒኤስ ከሌለ በዚያች ሰዓት የሚቀሩት በባትሪ የሚሠሩት ናቸው።

ቀጥሎ በእግር መፈለግ ነው። አንድሮይድ ላይ "ዋይፋይ አናላይዘር" የሚባሉ ነፃ አፖች አሉ፤ የሲግናሉን ጥንካሬ በቁጥር ያሳያሉ። አይፎን ላይ አፕል ራሱ ያወጣው "ኤርፖርት ዩቲሊቲ" አለ፤ ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ስካነሩን ታበሩታላችሁ። ቁጥሩ ሁሌም ከዜሮ በታች ነው፤ ወደ ዜሮ በቀረበ ቁጥር ዕቃው ቅርብ ነው። -30 አካባቢ ከሆነ አጠገቡ ቆማችኋል። -50 ብዙውን ጊዜ እዚያው ክፍል ነው። -70 ሲሆን መሃል ላይ ግድግዳ አለ። -85 ከደረሰ ሩቅ ነው፣ ተዉት። አንድ ዘዴ ልጨምር፦ ስልኩን ደረታችሁ ላይ አስጠግታችሁ ቀስ ብላችሁ ዙሩ። ሰውነት ሲግናል ስለሚውጥ ቁጥሩ ከዜሮ በጣም ሲርቅ ዕቃው ያለው ከጀርባችሁ ነው።

እህቴ ቤት መኝታ ክፍሉ ውስጥ -64 ነበር። ኮሪደሩ ላይ -52 ሆነ። ሳሎን ስንገባ -38። ቴሌቪዥኑ ጋ ስንደርስ -31። በሪሞት አጠፋነው፤ ስሙ ግን አልጠፋም። እህቴ እጄን ያዘች። ሶኬቱን ነቀልን። ግማሽ ደቂቃ ያህል ቆይቶ ስሙ ከዝርዝሩ ወጣ።

ስሙ "ዳይሬክት" ብሎ ይጀምራል

የእህቴ ጉዳይ ይሄ ነበር። ስማርት ቴሌቪዥንና ፕሪንተር ከስልክ ጋር በቀጥታ ለመገናኘት የራሳቸውን ትንሽ ኔትወርክ ይዘረጋሉ። በሪሞት የጠፋ ቴሌቪዥን ሙሉ በሙሉ አልጠፋም፤ ለዚህ ነው ስሙ የቀረው። ሴቲንግ ውስጥ "ዋይፋይ ዳይሬክት" የሚለውን ካገኛችሁ ዝጉት። ፕሪንተር ከሆነ ወይ ዝጉት ወይ ፓስወርዱን ቀይሩ፤ አለበለዚያ ጎረቤት በእናንተ ወረቀት ሊያትም ይችላል።

የራሳችሁ ስም ጠፍቶ አዲስ ስም መጣ

ራውተሩ ሪሴት ሆኗል። ምናልባት ልጅ ከኋላ ያለችውን ትንሽ ቀዳዳ ነካክቷል፣ ወይ የመጣው ቴክኒሻን ሳይነግራችሁ አድርጎታል። ራውተሩን ገልብጡት፤ ከታች የተለጠፈው ስምና አዲሱ ስም አንድ ከሆኑ ጉዳዩ አለቀ። ስሙንም ፓስወርዱንም እንደገና አስተካክሉ።

የዋይፋያችሁ ስም ዝርዝሩ ላይ ሁለት ጊዜ ይታያል

እዚህ ላይ ረጋ በሉ። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ቀላል ነው፦ ራውተሩ በ2.4 እና በ5 ጊጋኸርዝ ለየብቻ እያሰራጨ ይሆናል፣ ወይ የሲግናል ማራዘሚያ ተክላችኋል። ግን ሁለተኛው የቁልፍ ምልክት ከሌለው ጠርጥሩ። ሰው በእናንተ ስም ክፍት ዋይፋይ ከፍቶ ፓስወርድ ሊሰበስብ ይችላል። ራውተሩንም ማራዘሚያውንም ከሶኬት ንቀሉ። ስማችሁ አሁንም ካለ የሚያሰራጨው ሌላ ሰው ነው። አትግቡበት። "የዋይፋይ ፓስወርድዎን ያስገቡ" የሚል ገጽ ብሮውዘር ላይ ቢመጣ ምንም አትጻፉ። የቤቱን ሰው ሁሉ፣ በተለይ እናትና አባትን፣ ቁጭ አድርጋችሁ ንገሩ።

የስልክ ሞዴል የሚመስል ስም ከሆነ የሰው ሆትስፖት ነው፤ ይመጣል፣ ይሄዳል። እለፉት።

በእኔ ዋይፋይ ገብቶ የሚጠቀም ሰውስ አለ?

ይህን የሚነግራችሁ ራውተሩ ነው። ብሮውዘር ላይ 192.168.1.1 ብላችሁ ግቡ፤ እምቢ ካለ ራውተሩ ላይ የተለጠፈውን አድራሻ ሞክሩ። የተገናኙትን ዕቃዎች ዝርዝር ታገኛላችሁ። የማታውቁት ስም ስላለ ብቻ አትደንግጡ። ከአንድሮይድ 10 እና ከአይኦኤስ 14 ወዲህ ስልኮች ራውተሩ የሚለያቸውን አድራሻ (ማክ አድራሻ) ስለሚቀያይሩ የራሳችሁ ስልክ እንግዳ መስሎ ሊታይ ይችላል። የቤቱን ዕቃዎች አንድ በአንድ ዋይፋያቸውን አጥፉ፤ እህቴ ቤት የተረፈችው አንዷ የልጇ ታብሌት ሆና ተገኘች። ሁሉም ጠፍቶ አሁንም የሚቀር ካለ ፓስወርዱን ቀይሩ፣ ደብልዩፒኤስ (WPS) የሚባለውን፣ ፓስወርድ ሳይጻፍ በቁልፍ ወይም በፒን የሚያገናኘውን፣ ዝጉ፣ ሴኩሪቲውን፣ ማለትም የዋይፋዩን መቆለፊያ ዓይነት፣ ደብልዩፒኤ2 (WPA2) ወይም 3 ላይ አድርጉ። የራውተሩን መግቢያ ፓስወርድም አብራችሁ ቀይሩ፤ ብዙ ሰው ይህንን ይረሳል።

ፓስወርድ በቀየራችሁ ማግስት ደግሞ ሌላ አዲስ ስም ብቅ ሊል ይችላል፤ ቁጥር የበዛበት፣ ብዙ ጊዜም ቁልፍ የሌለው። የደህንነት ካሜራ ወይም ስማርት ሶኬት ካላችሁ መጀመሪያ እሱን እዩ። የድሮው ፓስወርድ አልሠራ ሲለው አንዳንዱ ዕቃ እንደ አዲስ አስገቡኝ እያለ የራሱን ዋይፋይ ይከፍታል። በአፑ አዲሱን ፓስወርድ ስትሰጡት ስሙ ከዝርዝሩ ይወጣል።