ከደም መርጋት ያገገሙ ሰዎችን የድጋፍ ቡድን ስታቋቁሙ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

እግሩ ወይም ሳንባው ውስጥ ደም ረግቶበት የታከመ ሰው ከሆስፒታል ሲወጣ የመድኃኒት ማዘዣና የቀጠሮ ወረቀት ይሰጠዋል። ቤተሰቡ «እንኳን ተረፍክ» ይለዋል። ሌሊት ግን ደረቱን ትንሽ ወጋ ሲያደርገው «ተመልሶ መጣ እንዴ?» እያለ ቁጭ ብሎ ያነጋል። የድጋፍ ቡድን የሚያስፈልገው ለዚህ ሌሊት ነው። ብዙ ቡድኖች የሚሳሳቱት ይህን ሌሊት ሲረሱት ነው።

ትልቁ ስህተት ቡድኑን ሁለተኛ ክሊኒክ ማድረግ ነው። አንዱ ተነስቶ «እኔ መድኃኒቱን በ3 ወር አቁሜ ምንም አልሆንኩም» ይላል። አጠገቡ ያለው ሰው ይህን ሰምቶ ቤቱ ይገባና የራሱን ያቆማል። ደም ማቅጠኛ አብዛኛውን ጊዜ ቢያንስ ለ3 ወር ይወሰዳል። ከዚያ በኋላ ያለው ውሳኔ ግን ደሙ በረጋበት ምክንያት ላይ የተመሠረተ ነው። ከቀዶ ሕክምና በኋላ የረጋበት ሰው ሊያቆም ይችላል። ምክንያቱ ያልታወቀለት ወይም ካንሰር ያለበት ሰው ለረጅም ጊዜ እንዲቀጥል ሊነገረው ይችላል። ሁለቱም ትክክል ናቸው።

መድኃኒቶቹም አንድ አይደሉም። ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው ደሙ ለመርጋት ምን ያህል እንደሚዘገይ የሚያሳየውን አይኤንአር የሚባለውን የደም ምርመራ በየጊዜው ያደርጋል፤ ለአብዛኛው ሰው ቁጥሩ ከ2 እስከ 3 መሆን አለበት። ጎመንና ሌሎች አረንጓዴ ቅጠላ ቅጠሎችንም አንድ ሳምንት አብዝቶ፣ ሌላ ሳምንት ጨርሶ መተው የለበትም፤ መጠኑ እንዳይዋዥቅ መጠንቀቅ አለበት። አፒክሳባን ወይም ሪቫሮክሳባን የሚወስደው ሰው ይህ አይመለከተውም። ስለዚህ ከመጀመሪያው ቀን አንድ ሕግ አውጡ። «እኔ እንዲህ ሆንኩ» ማለት ይቻላል፤ «አንተ እንዲህ አድርግ» ማለት አይቻልም። ራሴን አመመኝ ላለ አባል ከቦርሳ አስፕሪን ወይም አይቡፕሮፌን አውጥቶ መስጠትም ክልክል ይሁን። ከደም ማቅጠኛ ጋር ሲወሰዱ የመድማት አደጋን ይጨምራሉ። «ደም የሚያጠራ» ዕፅ ይዞ የሚመጣ ሰውም አይጠፋም። በትሕትና ግን በግልጽ መልሱት።

ሁለተኛው ስህተት አደገኛ ምልክት ሲነገር ዝም ብሎ ውይይቱን መቀጠል ነው። «ከትናንት ጀምሮ ትንፋሽ ያጥረኛል» ያለን ሰው «አይዞህ፣ ጭንቀት ነው» አትበሉት። እርግጥ ነው፣ ከዚህ ሕመም በኋላ ጭንቀት ብዙ ሰው ላይ ይከሰታል። ልብን ያስሮጣል፣ ትንፋሽንም ያሳጥራል። ግን ጭንቀት ይሁን አዲስ የረጋ ደም በዓይን አይለይም። ድንገተኛ የትንፋሽ ማጠር፣ ሲተነፍሱ የሚወጋ የደረት ሕመም፣ ደም የቀላቀለ ሳል፣ ራስን መሳት፣ የአንድ እግር አዲስ እብጠት ሲነሳ ስብሰባው ይቆማል፤ ሰውየውም ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሄዳል። ደም ማቅጠኛ እየወሰደ ጭንቅላቱን የተመታ ወይም እንደ ሬንጅ የጠቆረ ሰገራ ያየ ሰውም እንዲሁ። ማን አብሮት እንደሚሄድ ቀድማችሁ ተነጋገሩ። ያን ሰዓት የምታስቡበት ጊዜ አይኖራችሁም።

ቦታውን ሳያስቡ መምረጥም አለ። ሳንባው ከተጎዳ ሰው ጋር ሦስተኛ ፎቅ ላይ ቀጠሮ ይይዙና ለምን ቀረ ይላሉ። ምድር ቤት ይሁን። እግራቸው ላይ ደም ከረጋባቸው ሰዎች ከ20 እስከ 50 በመቶ የሚሆኑት ከጊዜ በኋላ እግራቸው ይከብዳቸዋል፣ ያብጣል፣ ያማቸዋል። እግር የሚያሳርፉበት ተጨማሪ ወንበር አስቀምጡ። በየግማሽ ሰዓቱ ሁሉም ተነስቶ ይንቀሳቀስ። ረጅም መቀመጥ ራሱ ለደም መርጋት ከሚያጋልጡት ነገሮች አንዱ ስለሆነ፣ ሁለት ሰዓት አስቀምጦ ስለ ደም መርጋት ማውራት አይሆንም። መምጣት ያልቻለ በስልክ ይግባ።

ሁሉንም በአንድ ከረጢት መክተት ሌላው ስህተት ነው። ደምን ከልብ በሚያወጣው ቧንቧ (በደም ቅዳ) ረግቶ ስትሮክ ያመጣው ደምና ደምን ወደ ልብ በሚመልሰው ቧንቧ (በደም መልስ) ረግቶ እግርን ያሳበጠው ደም ሕክምናቸውም ማገገማቸውም ይለያያል። በወሊድ ማግስት የታመመች እናት ደግሞ ሌላ ጥያቄ አላት። እንደገና ብታረግዝስ? የእርግዝና መከላከያ እንክብሏስ? ኢስትሮጅን ያለበት እንክብል ለደም መርጋት ያጋልጣል፣ ዋርፋሪን ደግሞ ጽንስን ሊጎዳ ይችላል። ይህን ለሐኪሟ ለመጠየቅ ድፍረት የምታገኘው መጀመሪያ ከሌላ ሴት ጋር ስታወራ ነው። ብዙ ወንዶች ባሉበት ክብ ግን አፍዋን አትከፍትም። አልፎ አልፎ ሴቶቹ ለብቻቸው ይቀመጡ።

በትልቅ አዳራሽ መጀመርም አይበጅም። እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ በየዓመቱ ኦክቶበር 13 የዓለም የደም መርጋት ቀን ይከበራል፤ ቀኑ ስለ ደም መርጋት ቀድሞ ያጠናው የጀርመናዊው ሐኪም የሩዶልፍ ቪርኮቭ ልደት ነው። ቅስቀሳ ለማድረግ ጥሩ ቀን ነው። ቡድን ግን የሚጸናው በወር አንድ ቀን፣ በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ክፍል ስድስት ሰባት ሰው ሲገናኝ ነው። ሁለት ሰው ብቻ ቢመጣም ስብሰባውን አትሰርዙ። ያለፈቃድ ፎቶ ማንሳት የለም፤ እዚህ የተወራም እዚሁ ይቅር።

ብዙ ጊዜ የማይነሳው ስህተት አቋቋሚው ራሱ ታማሚ መሆኑን መርሳቱ ነው። ገና ከአልጋ ሳይነሳ የሃያ ሰው ፍርሃት ተሸክሞ ሌሊት ስልክ የሚመልስ ሰው አይቆይም። አወያዮች ቢያንስ ሁለት ይሁኑ። አንድ ነርስ ወይም ፋርማሲስት በየጥቂት ወሩ መጥቶ ጥያቄ ቢመልስላቸው ሸክሙ ይቀልላቸዋል።

በመጨረሻም የቀረን ሰው ዝም ማለት። አንዳንዱ የሚቀረው ተሽሎት ወደ ኑሮው ስለተመለሰ ነው፤ ደስ ይበላችሁ። አንዳንዱ ግን ካልጋው መነሳት አቅቶት ነው። ከስብሰባው ማግስት አንድ ጊዜ ደውሉለት። «ለምን ቀረህ?» ሳይሆን «ሌሊቱ እንዴት ነው?» በሉት።