በዘር ማጥፋት ጥናት ላይ ዓለም አቀፍ ዐውደ ጥናት ሲያዘጋጁ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የዘር ማጥፋት ወንጀልን የሚያጠኑ ምሁራንን ከልዩ ልዩ አገሮች ጠርቶ ማወያየት ከሌሎች የጥናት መስኮች ስብሰባ የተለየ ኃላፊነት አለበት። በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ከሚቀመጡት መካከል ወላጆቻቸውን በዚያው ወንጀል ያጡ፣ ወደ አገራቸው ሲመለሱ በተናገሩት ቃል ሊከሰሱ የሚችሉ፣ ዕድሜያቸውን የፍርድ ቤት መዝገብ ሲያገላብጡ ያሳለፉ ሰዎች ይገኛሉ። ኢትዮጵያ የዘር ማጥፋት ወንጀልን ለመከላከልና ለመቅጣት የወጣውን ዓለም አቀፍ ስምምነት እ.ኤ.አ. ጁላይ 1 ቀን 1949 በማጽደቅ ቀዳሚዋ አገር ናት፤ የአፍሪካ ኅብረት መቀመጫም አዲስ አበባ ነው። ስለዚህ እንዲህ ያለው ዐውደ ጥናት በአገራችን ቢዘጋጅ ተገቢ ቦታውን ያገኘ ነው። የሚከተሉት ስህተቶች ግን አስቀድመው ካልታሰቡ በቅን ልቦና የተጀመረውን ሥራ ያበላሻሉ፣ ሰውንም ይጎዳሉ።

ዐውደ ጥናቱን ሥነ ሥርዓት ማድረግ

ከመድረኩ ጀርባ የተሰቀለ ባነር፣ ለክብር እንግዶች የተያዘ የፊት ረድፍ፣ እየተከታተሉ የሚነበቡ የእንኳን ደህና መጣችሁና የመክፈቻ ንግግሮች፣ ከሻይ ዕረፍት በፊት ካሜራቸውን ሰብስበው የሚወጡ ጋዜጠኞች፤ ይህ ሁላችንም የምናውቀው የስብሰባ መልክ ነው። ጠዋቱ በዚህ ካለቀ በኋላ ከሩቅ አገር የመጣው አጥኚ 15 ደቂቃ ይሰጠዋል፤ የጥያቄው ጊዜም «ሰዓት ስለተጣበበ» ተብሎ ይታለፋል። የሰው ልጅ ሌላውን ለማጥፋት እንዴት እንደተደራጀ የሚመረምር ጥናት በዚህ ዓይነት ጥድፊያ ሊፈተሽ አይችልም።

በእኔ እምነት የተሳታፊዎቹ ቁጥር ከ20 ባይበልጥ፣ ጽሑፎቹም ከአንድ ወር በፊት ለሁሉም ቢላኩ ይሻላል። ጸሐፊው ጽሑፉን አያነብም፤ አስቀድሞ የተመደበ ሌላ ምሁር የጥናቱን ጥንካሬና ድካም ገልጦ ውይይቱን ይከፍታል፣ ጸሐፊውም ይመልሳል። ለአንድ ጽሑፍ አንድ ሰዓት ያህል ካልተሰጠ የአየር ቲኬቱ ወጪ ከንቱ ነው። ባለሥልጣናትን መጋበዝ ግድ ከሆነ በመጨረሻው ምሽት ለእራት ቢጠሩ ክብራቸውም አይጓደል፣ የጥናቱ ሰዓትም አይነካም።

የገንዘብ ሰጪውን ድንበር በጽሑፍ አለማስመር

እ.ኤ.አ. በጁን 1982 በቴል አቪቭ የተካሄደው ስለ ሆሎኮስት (ናዚዎች በአይሁድ ላይ ስለፈጸሙት እልቂት) እና ስለ ዘር ማጥፋት የመከረው ዓለም አቀፍ ጉባኤ የዚህ መስክ አዘጋጆች ሁሉ ሊያውቁት የሚገባ ታሪክ አለው። እስራኤል ቻርኒ በተባለው ምሁር መሪነት የተዘጋጀው መርሐ ግብር በኦቶማን ቱርክ ዘመን ስለተፈጸመው የአርመናውያን እልቂት የሚቀርቡ ጥቂት ጥናቶችን ያካትት ነበር። የቱርክ መንግሥት ተቃወመ፤ የእስራኤል የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርም እነዚያ ጥናቶች ከመርሐ ግብሩ እንዲወጡ፣ ጉባኤውም እንዳይካሄድ አዘጋጆቹን ተጫነ። ጉባኤውን በፕሬዚዳንትነት ይመራል የተባለው ከሆሎኮስት የተረፈው ደራሲ ኤሊ ቪዘል ራሱን አገለለ፣ የእስራኤል የሆሎኮስት መታሰቢያ ተቋም ያድ ቫሼምም ወጣ። አዘጋጆቹ ግን ጥናቶቹን ከመርሐ ግብሩ ሳያስወጡ ጉባኤውን አካሄዱ።

ጫናው ከየት እንደሚመጣ አስቀድሞ ማወቅ አይቻልም። ኤምባሲ፣ ሚኒስቴር፣ የበጎ አድራጎት ድርጅት፣ የዳያስፖራ ማኅበር፣ ወይም የዩኒቨርሲቲው አስተዳደር ራሱ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ገንዘብ የሚሰጠው አካል የተጋባዦችን ዝርዝር የማጽደቅም ሆነ ጽሑፎችን አስቀድሞ የማየት መብት እንደሌለው በስምምነቱ ላይ በግልጽ መስፈር አለበት። አንድ ጊዜ «ይህን አንድ ጽሑፍ ብቻ ተዉት» ለሚል ጥያቄ እሺ ያለ አዘጋጅ ሁለተኛውን የሚከለክልበት ምክንያት አይኖረውም።

በአንድ አዳራሽና በአንድ ተቋም ላይ መንጠልጠል

እ.ኤ.አ. በ2005 በኢስታንቡል የሆነውን በዝርዝር ማየት ይጠቅማል። የቱርክ ምሁራን በኦቶማን መንግሥት ማክተሚያ ዘመን ስለነበሩት አርመናውያን በቦስፎረስ ዩኒቨርሲቲ በሜይ ወር ሊወያዩ ቀጠሮ ይዘው ነበር። የፍትሕ ሚኒስትሩ ጉዳዩን በፓርላማ አንሥተው ሕዝብን ከጀርባ እንደመውጋት ነው ሲሉ አወገዙት፤ ስብሰባውም ለሌላ ጊዜ ተላለፈ። በሴፕቴምበር እንደገና ሲጠራ፣ በዋዜማው የኢስታንቡል አስተዳደር ፍርድ ቤት የእግድ ትእዛዝ አወጣ። እግዱ የቦስፎረስንና የሳባንጂን ዩኒቨርሲቲዎች የሚመለከት ነበር። ሦስተኛው አዘጋጅ የቢልጊ ዩኒቨርሲቲ በእግዱ ስላልተጠቀሰ ስብሰባው ወደዚያ ተዛውሮ ሴፕቴምበር 24 እና 25 ተካሄደ። ደጃፉ ላይ የተሰለፉ ተቃዋሚዎች በሚገቡት ሰዎች ላይ እንቁላልና ቲማቲም ወረወሩ፤ ውስጥ ግን ምሁራኑ ጽሑፋቸውን አቀረቡ።

ያንን ስብሰባ ያዳነው ሦስት ተቋማት በጋራ መያዛቸው ነው። አዘጋጆች ቢያንስ ሁለት ተባባሪ ተቋማት፣ በውል የተያዘ ተለዋጭ አዳራሽ፣ ሁሉም ቢዘጋ ደግሞ ውይይቱ በበይነ መረብ የሚቀጥልበት መንገድ ሊኖራቸው ይገባል። ጥበቃውም ቢሆን ከፖሊስ ጋር ብቻ ተነጋግሮ የሚተው አይደለም፤ እንግዶቹ ከሆቴል ወደ አዳራሹ በማን መኪና፣ በየትኛው በር እንደሚገቡ ሳይቀር መታወቅ አለበት።

የተናጋሪውን ስምና ምስል ያለ ፈቃድ መበተን

ከኢስታንቡሉ ስብሰባ በኋላ የፍርድ ቤቱን እግድ በጋዜጣ የተቹ አምስት ዓምደኞች ተከሰዋል። በስብሰባው ላይ ከተናገሩት አንዱ በኢስታንቡል የሚታተመው የአርመናውያን ጋዜጣ የአጎስ ዋና አዘጋጅ ሕራንት ዲንክ ነበር፤ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 19 ቀን 2007 በጋዜጣው ቢሮ ደጃፍ በጥይት ተገደለ። ይህን እያወቀ ውይይቱን በቀጥታ በዩቲዩብ የሚያስተላልፍ፣ ወይም ተሳታፊዎችን ሳይጠይቅ የቡድን ፎቶግራፍ በፌስቡክ የሚለጥፍ አዘጋጅ፣ በሌሎች ሰዎች ሕይወት ላይ የመወሰን መብት ማን እንደሰጠው ራሱን ሊጠይቅ ይገባል። የሩዋንዳን ጉዳይ ያየው የአሩሻ ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት ጥበቃ የሚያስፈልጋቸውን ምስክሮች በስማቸው ፈንታ በፊደል ይጠራ ነበር። ፍርድ ቤት ይህን ያህል ከተጠነቀቀ የምሁራን ስብሰባ ከዚያ ማነስ የለበትም። መፍትሔው ቀላል ነው፤ በውይይቱ የተባለውን መጠቀም ይቻላል፣ ማን እንዳለው ግን አይገለጽም የሚለውን ደንብ ከመጀመሪያው ደብዳቤ ጋር መላክና ተሳታፊው በጽሑፍ የፈቀደውን ብቻ መቅዳት።

በርዕሱ ላይ ፍርድ መስጠት፣ ወይም በ«ሚዛን» ስም ክህደትን መጋበዝ

ይህ ከሁሉም የሚያስቸግረው ነው። ከላይ የተጠቀሰው እ.ኤ.አ. የ1948ቱ የዘር ማጥፋት ስምምነት በአንቀጽ 2 የሚጠብቃቸው ብሔራዊ፣ የጎሣ፣ የዘርና የሃይማኖት ቡድኖችን ነው፤ የፖለቲካ ቡድኖች አልተካተቱም። እ.ኤ.አ. የ1957ቱ የኢትዮጵያ ወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ግን በአንቀጽ 281 የፖለቲካ ቡድኖችንም ጨምሯል፤ የደርግ ባለሥልጣናት የተከሰሱት፣ ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያምም እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2006 በሌሉበት ጥፋተኛ የተባሉት በዚህ መሠረት ነው። ስለ ቀይ ሽብር የሚጽፍ ኢትዮጵያዊ የሕግ ምሁርና እልቂት ስለተፈጸመባት ከተማ ስለ ስሬብሬኒሳ የሚጽፍ የቦስኒያ ምሁር በአንድ ቃል ሁለት የተለያዩ የሕግ መለኪያዎችን ይዘው ሊከራከሩ ይችላሉ። እያንዳንዱ ጽሑፍ በየትኛው ትርጓሜ እንደሚሠራ በመጀመሪያው ገጽ እንዲያስታውቅ መጠየቅ ብዙ ሰዓት ያድናል።

ርዕሱን በተመለከተ፣ ፍርድ ያገኘውን ጉዳይ በስሙ መጥራት ግዴታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 በሩዋንዳ የተፈጸመውን «በቱትሲዎች ላይ የተፈጸመ የዘር ማጥፋት» ብሎ አለመጥራት ስህተት ነው፤ የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤም ይህን አጠራር ተቀብሏል። ገና በመጠናት ላይ ያለን ጉዳይ ግን፣ በአገራችን ባለፉት ዓመታት በተለያዩ ወገኖች የተነሡትን ክሶች ጨምሮ፣ በቦታውና በዘመኑ መሰየም ይሻላል፤ ይህ ሲሆን ማስረጃ ያለው ሁሉ ሊመጣ ይችላል። ሮናልድ ሱኒና ፋትማ ሙጌ ጎቸክ ከባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ2000 በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ የጀመሩት የአርመንና የቱርክ ምሁራን ተከታታይ ዐውደ ጥናት ስያሜው የምሁራኑን መገናኘት ብቻ የሚገልጽ ነበር፤ በዚህም የተነሣ በአንድ ክፍል ተቀምጠው የማያውቁ ሰዎች ሰነድ ለሰነድ ሊነጋገሩ ቻሉ።

ይሁን እንጂ ክፍት መሆንና ክህደትን፣ ማለትም ወንጀሉ አልተፈጸመም ባይነትን፣ መጋበዝ አንድ አይደሉም። ስለ መነሻ፣ ስለ ትእዛዝ ሰንሰለት፣ ስለ ሟቾች ቁጥር፣ ስለ ማጥፋት አሳብ መኖር አለመኖር በማስረጃ የሚከራከር ሰው ቦታው እዚያ ነው። ተጎጂዎችን ውሸታም ለማለት የሚመጣን ሰው «ሁለቱም ወገን ይሰማ» ብሎ መጥራት ግን ለጥናቱ የሚጨምረው ነገር የለም። መለኪያው የተጋባዡ ወገን ሊሆን አይገባም፤ ጽሑፉ በሌሎች አጥኚዎች ተገምግሞ መቆም መቻሉ ነው።

ከጥቃቱ የተረፉትን ለመክፈቻ ማድመቂያ ማድረግ

ከእልቂት የተረፈችን አንዲት እናት ጠዋት መድረክ ላይ አውጥቶ አስለቅሶ፣ ከጭብጨባ በኋላ በታክሲ መሸኘት ነውር ነው። ምስክርነት የሚሰጥ ሰው ምን እንደሚጠየቅ አስቀድሞ ማወቅ፣ ባሰኘው ጊዜ ማቆም መቻል፣ የሚያምነውን ሰው ይዞ መምጣትና በቀጣዮቹ ቀናት የሚጠይቀው የሥነ ልቦና ባለሙያ ማግኘት አለበት። በሩዋንዳ በመታሰቢያው ወቅት የሚቀሰቀሰውን የአእምሮ ቁስል የአገሩ ሰዎች «ኢሃሃሙካ» ይሉታል፤ በዝግጅቶቹም ላይ ርዳታ የሚሰጡ ሰዎች ይመደባሉ። ከዚህ ልንማር ይገባል።

የመታሰቢያ ሥፍራ ጉብኝትም በዚሁ ዓይን ይታይ። በሩዋንዳ በኒያማታ ቤተ ክርስቲያን የሟቾቹ ልብስ በአግዳሚ ወንበሮቹ ላይ ተከምሮ ይታያል፤ በሙራምቢ ትምህርት ቤት በኖራ የተጠበቁ አስከሬኖች በመማሪያ ክፍሎቹ ውስጥ ተጋድመዋል። ይህን ያየ ሰው ከምሳ በኋላ ለሚቀርብ ጽሑፍ ጆሮ አይኖረውም። ጉብኝቱ ለብቻው ቀን ይሰጠው፤ መሄድ የማይፈልግም ምክንያት ሳይጠየቅ ይቅር።

አስተርጓሚዎችም ይረሳሉ። ተናጋሪው «እናቴን ገደሏት» ሲል አስተርጓሚዋም በራሷ አፍ «እናቴን ገደሏት» ማለት አለባት፤ ይህ ለቀናት ሲደጋገም ጉዳት አለው። ሁለት ሆነው በየ20 እና 30 ደቂቃው ይፈራረቁ፣ ጽሑፎቹም የስምና የቦታ ዝርዝር ተጨምሮላቸው አስቀድመው ይድረሷቸው።

ቀንና ቪዛ

ኤፕሪል 7 የሩዋንዳ፣ ኤፕሪል 24 የአርመናውያን፣ ጁላይ 11 የስሬብሬኒሳ መታሰቢያ ነው፤ የካቲት 12ም የእኛ ነው። በእነዚህ ቀናት ስብሰባ መጥራት በጉዳዩ የሚመለከታቸውን ምሁራን ከሐዘናቸውና ከሥራቸው አንዱን እንዲመርጡ ያስገድዳል። የግብዣ ደብዳቤ የጎርጎርዮሳዊውን ቀን ብቻ ይያዝ፣ ወጪውን የሚሸፍነውም አካል በስም ይጠቀስ። የሼንገን ቪዛ ማመልከቻ ከጉዞው 6 ወር በፊት ጀምሮ ሊቀርብ ስለሚችል፣ ስብሰባው በአውሮፓ ከሆነ ለአፍሪካውያን ተጋባዦች ደብዳቤውን ማዘግየት ራሱ እንደ መከልከል ነው።

ከስብሰባው በኋላ መበተን

የቺካጎው ዐውደ ጥናት ምሁራን ዋና የጥናት ስብስባቸውን ያሳተሙት እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። እንዲህ ያለ ሥራ ጊዜ ይወስዳል፤ አርታዒው ማን እንደሆነ፣ የመጨረሻው ጽሑፍ መቼ እንደሚገባ፣ የትኛው ክፍል ወደ አገሩ ቋንቋ እንደሚተረጎም ተሳታፊዎቹ ሳይለያዩ ካልተወሰነ ግን ጊዜውም አያድነውም፤ ጽሑፎቹ በየኮምፒውተሩ ተቀብረው ይቀራሉ። ምስክርነት የሰጡ ሰዎች ቃላቸው ከመታተሙ በፊት በሚያነቡት ቋንቋ ተጽፎ ሊደርሳቸው፣ ማንበብ ለማይችሉትም ሊነበብላቸው ይገባል። ያልወደዱት መስመር ካለ ይውጣ፤ ጨርሶ እንዳይታተም ከፈለጉም መጽሐፉ ያለዚያ ምዕራፍ ይታተም።