የትምህርትና የሙያ ግባችሁን በጀርመንኛ እንዴት ትናገራላችሁ?

ብዙ የጀርመንኛ ተማሪ ሰላምታውንና ራስን ማስተዋወቁን በደንብ ይወጣዋል። «ለምንድን ነው የምትማረው? ወደፊትስ ምን አስበሃል?» ሲባል ግን አፉ ይያዛል። ቃል ስላጣ ብቻ አይመስለኝም። ሐሳቡን በራሱ ቋንቋም አላጠራውም።

ስለዚህ መጀመሪያ ወረቀት ያዙና በአማርኛ ጻፉ፦ አሁን የት ናችሁ? ምን ትፈልጋላችሁ? እስከ መቼ? ለምን? «ጀርመንኛዬን ማሻሻል እፈልጋለሁ» አይበቃም። «እስከ ጁን የቢ1 (የመካከለኛ ደረጃ) ፈተና ማለፍ እፈልጋለሁ» በሉ።

ቀጥሎ አሁን ያላችሁበትን ተናገሩ፦ «ኢሽ ሌርነ ዛይት ጽቫይ ያረን ዶይች»። መማር ከጀመርኩ ሁለት ዓመት ሆነኝ ማለት ነው። ግሡ የአሁን ጊዜ መሆኑን ልብ በሉ። በኃላፊ ጊዜ ካላችሁት ትምህርቱን ያቆማችሁ ይመስላል። «ጀርመንኛ እያጠናሁ ነው» ለማለትም «ሽቱዲረን» አትበሉ። እሱ የዩኒቨርሲቲ ትምህርት ነው። ለቋንቋ «ሌርነን» ነው። (በፊደላችን የጻፍኩት ለመነሻ ያህል ነው። የ«ኢሽ» (እኔ) መጨረሻ ከእኛ «ሽ» ይለሰልሳል፤ ከተናጋሪ ስሙት።)

ፍላጎታችሁን በ«ሞሽተ» ግለጹ፤ በትሕትና «እፈልጋለሁ» ማለት ነው። «ቪል»ም «እፈልጋለሁ» ነው፤ ስሕተት ባይሆንም ጠንከር ይላል። «ኢሽ ሞሽተ ቢስ ዩኒ ዲ ቤ-አይንስ-ፕሩፉንግ በሽቴየን»፤ እስከ ጁን የቢ1 ፈተና ማለፍ እፈልጋለሁ። «በሽቴየን» ማለፍ ነው፤ ፈተናውን መውሰድ ብቻ ከሆነ «ማኸን» ይባላል። ዋናው ግሥ መጨረሻ ላይ መቀመጡን አያችሁ? ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ አማርኛም እንዲሁ ነው።

አሁን ምክንያቱ። እዚህ ላይ አማርኛችን በጣም ይጠቅመናል። ሁለቱንም ነገር የሚያደርገው አንድ ሰው ሲሆን እኛ «ለመሥራት» እንላለን፤ ጀርመኖች «ኡም … ጹ» ይላሉ። «ኢሽ ሌርነ ዶይች፣ ኡም ኢን ደር ፕፍሌገ ጹ አርባይተን»፤ በነርስነት ለመሥራት ጀርመንኛ እማራለሁ። ሁለተኛውን ነገር የሚያደርገው ሌላ ሰው ሲሆን ግን እኛ ወደ «እንዲ-» እንሄዳለን፤ እነሱ ደግሞ ወደ «ዳሚት»። «ዳሚት ማይነ ፓጺየንተን ሚሽ ፈርሽቴየን»፤ ታካሚዎቼ የምለው እንዲገባቸው። ሲጠፋባችሁ መጀመሪያ በአማርኛ አስቡት። «ለመ-» ከመጣ «ኡም ጹ»፣ «እንዲ-» ከመጣ «ዳሚት»። ሁልጊዜ ባይሆንም አብዛኛውን ጊዜ ይሠራል።

የሙያ ቃላቱን አታደባልቁ። «አውስቢልዱንግ» ሙያ ከመነሻው የሚማሩበት ሥልጠና ነው፤ በአብዛኛው ከ2 እስከ 3 ዓመት ተኩል ይወስዳል። «ቫይተርቢልዱንግ» ሙያ ያለው ሰው የሚጨምረው ሥልጠና ነው። «ኡምሹሉንግ» ሙያ ለመቀየር የሚወሰድ ሥልጠና ነው። አሥር ዓመት የሠራ የሒሳብ ባለሙያ «አውስቢልዱንግ እፈልጋለሁ» ካለ ሰሚው ከዜሮ የሚጀምር ይመስለዋል። ልምዱ እንዳይጠፋበት እንዲህ ይበል፦ «ኢሽ ሞሽተ ሚሽ ቫይተርቢልደን»፤ በሙያዬ ተጨማሪ ሥልጠና መውሰድ እፈልጋለሁ።

በመጨረሻ ለአንድ ጥያቄ ተዘጋጁ። በሥራ ቃለ መጠይቅ ብዙ ጊዜ ይመጣል፦ «ቮ ዜየን ዚ ዚሽ ኢን ፉንፍ ያረን?» ከአምስት ዓመት በኋላ ራስዎን የት ያዩታል? መልሱን ጊዜውን በሚናገረው ቃል ከጀመራችሁ ግሡ ከ«ኢሽ» ይቀድማል፦ «ኢን ፉንፍ ያረን ሞሽተ ኢሽ አይን ክላይነስ ቲም ላይተን»፤ አነስተኛ ቡድን መምራት እፈልጋለሁ። የራሳችሁን መልስ በስልካችሁ ቅዱትና አዳምጡት። የተደናቀፋችሁበትን ቦታ አሳጥሩና እንደገና ቅዱት።