የሐረጎን ዳገት በፀሐይ ኃይል፦ የኤሌክትሪክ መኪናን ከጣሪያ ሶላር ቻርጅ ለማድረግ

በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ፣ የኤሌክትሪክ መኪና በደሴም ሆነ በኮምቦልቻ ጎዳና ላይ ብርቅ መሆኑ እየቀረ ነው። አብሮም «ጣሪያዬ ላይ ሶላር ብተክል መኪናዬን ይችለዋል ወይ?» የሚል ጥያቄ ይነሣል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ይሁን እንጂ ከፓኔሉ ብዛትም ከዋጋውም በፊት ሊጠየቅ የሚገባው መኪናው ቀን ቀን የት እንደሚውል ነው። ፀሐይ ጉልበት የሚኖራት ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ባለው ጊዜ ሲሆን፣ ደሴ እያደረ ኮምቦልቻ ለሚሠራ ሰው መኪናው በእነዚያ ሰዓታት ከቤቱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ቆሟል። የቀኑን ኃይል በቤት ባትሪ አጠራቅሞ ማታ ወደ መኪናው ማዛወር ይቻላል፤ ነገር ግን ከባትሪ ወደ ባትሪ ሲገለበጥ ከ10 እስከ 20 በመቶ የሚሆነው ይባክናል፤ ባትሪውም ከዕቃው ሁሉ ውዱ ነው። ስለዚህ ፓኔሉ መኪናው በሚውልበት ቦታ ቢተከል ይመረጣል፤ የራስዎ ሱቅ፣ ጋራዥ ወይም መጋዘን ኮምቦልቻ ካለ ጣሪያው እዚያ ነው። ይህ ካልሆነ መኪናውን ቅዳሜና እሑድ ከቤት ጣሪያ መሙላት፣ በሥራ ቀናት የጎደለውን ደግሞ ሌሊት ከመብራት መስመር ማሟላት ይሻላል።

ቀጥሎ የሚያስፈልግዎትን ኃይል ያስሉ። ደሴ ከኮምቦልቻ በ600 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች። ከነተሳፋሪው 1,700 ኪሎ ግራም የሚመዝን መኪና ይህን ከፍታ ለመውጣት ብቻ 2.8 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ይፈልጋል፤ በሞተሩ የሚባክነውና መንገዱ ራሱ የሚጠይቀው ሲጨመርበት፣ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚያወጣውን የሐረጎን ዳገት ጨርሶ ለመግባት ከ6 እስከ 7 ኪሎ ዋት ሰዓት ይሆናል። ቁልቁል ሲወርድ ሞተሩ እንደ ጄኔሬተር ስለሚሠራ ከወጪው ከፊሉ ተመላሽ ይሆናል፤ በመሆኑም መውረዱ ከ1 እስከ 2 ኪሎ ዋት ሰዓት ቢፈጅ ነው። ደርሶ መልሱን 8 ይበሉት፤ ቻርጅ ሲደረግ የሚባክነው ሲታከል 9 ኪሎ ዋት ሰዓት።

በበጋ 9 ባለ 550 ዋት ፓኔሎች በቀን ወደ 18 ኪሎ ዋት ሰዓት ያመነጫሉ ብሎ ማቀድ ይቻላል። ከዚህ 9 ኪሎ ዋት ሰዓቱ ለመኪናው ሲውል የቀረው ለማቀዝቀዣ፣ ለቴሌቪዥንና ለአምፖል ይበቃል። በሐምሌና በነሐሴ ግን ሰማዩ ደመና ለብሶ፣ ጉም ከተማዋን ሸፍኖ ስለሚውል ምርቱ ከግማሽ በታች የሚወርድባቸው ቀናት ይኖራሉ። ለእነዚህ ሁለት ወራት ሲባል ፓኔሉን በእጥፍ ማብዛት በእኔ እምነት ብክነት ነው፤ ለክረምቱ የመብራት መስመሩ አለ።

እያንዳንዱ ፓኔል 2.28 ሜትር በ1.13 ሜትር ገደማ ስፋትና 28 ኪሎ ግራም ያህል ክብደት ስላለው፣ 9ኙ 23 ካሬ ሜትር ጣሪያና 250 ኪሎ ግራም የሚሸከም እንጨት ይጠይቃሉ። ብሎኑ ቆርቆሮውን ብቻ ሳይሆን ከሥሩ ያለውን ሞራሌ መያዝ አለበት፤ ቀዳዳው ሁሉ ጎሚኒ ካልገባበት የመጀመሪያው የሰኔ ዝናብ ኮርኒሱን ያበላሸዋል። አካባቢያችን ከምድር ወገብ በስተሰሜን 11 ዲግሪ ላይ ስለሚገኝ ፓኔሉ ወደ ደቡብ ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ቢዘም በቂ ነው። ከዚያ በላይ ማዝመም አይጠቅምም፤ ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ የምታልፈው በሰሜን በኩል ነውና። ደሴ ውስጥ ከጦሳ ተራራ ግርጌ የተጠጋ ቤት ያለው ሰው ከመግዛቱ በፊት ጥላው ጣሪያው ላይ በስንት ሰዓት እንደሚያርፍ ለጥቂት ቀናት ይመልከት።

ደሴ ላይ ከኮምቦልቻ ይልቅ የሚያሰጋ አንድ ነገር አለ። ፓኔል ሲሞቅ ጉልበቱ ይቀንሳል፤ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ቮልቴጁ ከተጻፈበት በላይ ይወጣል። አንድ ባለ 550 ዋት ፓኔል ጭነት ሳይኖርበት ወደ 50 ቮልት ይሰጣል፤ 10 ፓኔል በአንድ ረድፍ ቢቀጠል 500 ቮልት ነው። የፓኔሉን ኃይል ለቤት ዕቃ ወደሚሆን ኤሌክትሪክ ከሚለውጡት ባለ 5 ኪሎ ዋት ኢንቨርተሮች ብዙዎቹ የሚችሉት የመጨረሻው ልክ 450 ወይም 500 ቮልት በመሆኑ፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ማለዳ የወጣችው ፀሐይ ኢንቨርተሩን ልታቃጥለው ትችላለች። በኢንቨርተሩ ጎን የተለጠፈውን ጽሑፍ ራስዎ ያንብቡ፤ ልኩ 500 ከሆነ ከ9፣ 450 ከሆነ ከ8 አያሳልፉ።

ኢንቨርተሩ 5 ኪሎ ዋት ሆኖ መኪናው በ16 አምፔር ቻርጅ ሲደረግ 3.5 ኪሎ ዋት ይወስዳል። የኤሌክትሪክ ምጣድም ከዚህ የማያንስ ኃይል ስለሚጎትት፣ እንጀራ በሚጋገርበት ሰዓት መኪናው መነቀል አለበት፤ ይህንንም ቤተሰቡ ሁሉ ይወቀው። አብዛኞቹ ተንቀሳቃሽ ቻርጀሮች አምፔሩን ለመቀነስ የሚያስችል ቁልፍ ስላላቸው በ10 አምፔር ማስተካከል ይመከራል። 2.2 ኪሎ ዋት ማለት ነው፤ 9 ኪሎ ዋት ሰዓቱ ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ 8 ሰዓት ተኩል ባለው ጊዜ ይሞላል፤ ፓኔሉም ያለ ባትሪ እርዳታ ይችለዋል።

ብዙ ሰው የሚቸገረው በመሬት መስመር ነው፤ በተለምዶ ግራውንድ የሚባለው። ቻርጀሩ ከመሬት ጋር መገናኘቱን ሳያረጋግጥ ኃይል አያሳልፍም፤ በደሴ የቆዩ ቤቶች ውስጥ ደግሞ ወደ ሶኬቱ የሚመጡት ሽቦዎች ብዙ ጊዜ ሁለት ብቻ ናቸው። እኔ ቤት በመጀመሪያው ቀን የሆነውም ይኸው ነበር፦ ሶኬቱ አምፖልና ራዲዮ ያሠራል፤ ቻርጀሩ ሲሰካ ግን ቀይ መብራት ያበራል፣ መኪናውም ዝም ይላል። የመጣው ባለሙያ ግራውንዱን ከኒውትራሉ (ኤሌክትሪኩ ከሚመለስበት ሽቦ) ጋር ሶኬቱ ውስጥ በቁራጭ ሽቦ አገናኝቶ መብራቱን አረንጓዴ አደረገው፤ እኔም ተደሰትኩ። አደገኛነቱን የተረዳሁት ቆይቼ ነው፤ ኒውትራሉ አንድ ቦታ ቢበጠስ የመኪናው አካል በሙሉ 220 ቮልት ይሸከማል፤ በሩን በእርጥብ እጅ የነካ ልጅ ሊሞት ይችላል። ትክክለኛው ሥራ መዳብ የተለበጠ ዘንግ እርጥበት ባለው አፈር ውስጥ መቅበር፣ የመሬት መስመሩን በመሣሪያ መለካት፣ ከዚያም ለመኪናው ብቻ የሚሆን፣ 30 ሚሊ አምፔር ኤሌክትሪክ ወደ መሬት ሲያመልጥ የሚቆርጥ ብሬከር መግጠም ነው።

ግራውንዱ ተስተካክሎም መብራት በጠፋ ጊዜ ብቻ ቀዩ መብራት ከታየ፣ ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ ኢንቨርተሩ ብቻውን ሲሠራ ኒውትራሉ ከመሬት ጋር አለመገናኘቱ ነው። ግንኙነቱ የሚደረገው ኢንቨርተሩ ዘንድ ባለው ዋና ሳጥን፣ በአንድ ቦታ ብቻ፣ መብራት ሲመለስ ራሱ በሚለቅ ማቀያየሪያ ነው። ይህን ሥራ ፈቃድ ላለው ኤሌክትሪሺያን ይስጡ። የኢንቨርተሩ ኃይል ተመልሶ ወደ መንገዱ መስመር እንዳይገባም ያስረጋግጡ፤ ምሰሶ ላይ ወጥቶ የሚሠራ ሰው አለና።

ከዋናው ሳጥን እስከ መኪናው ያለው ሽቦ 4 ሚሊ ሜትር ካሬ መዳብ ይሁን፤ ዲቫይደር በምንም ምክንያት አይጠቀሙ። ከፓኔሉ በሚመጣው መስመር ላይ ለዲሲ (ፓኔሉ ለሚያመነጨው፣ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ለሚፈስ ኤሌክትሪክ) የተሠራ ብሬከርና የመብረቅ መከላከያ ይግጠሙ፤ ለተራ መብራት የተሠራ ብሬከር የዲሲን ብልጭታ ማጥፋት አይችልም።

ጠዋት ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርድ ሰው መኪናውን 100 በመቶ ሞልቶ አይነሣ። የሞላ ባትሪ ከቁልቁለቱ የሚገኘውን ኃይል የሚያስገባበት ቦታ ስለሌለው ሞተሩ መኪናውን መያዝ ያቆማል፤ ሐረጎን በፍሬን ብቻ መውረድ ግድ ይሆናል። 85 በመቶ ላይ ማቆም ይበቃል።

ሁሉም ተገጥሞ ካለቀ በኋላ በመጀመሪያው ቀን ቻርጅ ከተጀመረ ከአንድ ሰዓት በኋላ የሶኬቱን ክዳንና የፕላጉን ጀርባ በእጅዎ ይዳስሱ። ለብ ማለቱ ያለ ነው፤ እጅ የማያስቆይ ከሆነ ወይም የፕላስቲክ ሽታ ካለ ወዲያውኑ ብሬከሩን አጥፍተው ፕላጉን ይንቀሉና ሹካዎቹን ይመልከቱ። አንደኛው ሹካ ከጠቆረ ሶኬቱ በደንብ አልጨበጠውም ማለት ነው፤ ሶኬቱ ተለውጦ፣ የሽቦው ማሰሪያ ብሎኖችም እንደገና ጠብቀው እስኪታዩ ድረስ መኪናው አይሰካ።