ኦርኬስትራ መምራት ለምትፈልጉ የድሬ ልጆች

ከዚራ ውስጥ መዘምራን አሠለጥናለሁ። «ጋሼ፣ የኦርኬስትራ መሪ ለመሆን ከየት ልጀምር?» ለምትሉኝ ይኸው።

መሪው በእጁ የሚይዘው ዘንግ ይቆይ። መጀመሪያ ትንፋሽ። ድምፅ ከመውጣቱ በፊት የምታሳዩት የዝግጅት ምት ፍጥነቱንም ጉልበቱንም ይናገራል። የቤትሆቨን 5ኛ ሲምፎኒ እንኳ የሚጀምረው በአጭር ዝምታ ነው። መሪው ያቺን ዝምታ በእጁ ካላሳየ ሙዚቀኛው አብሮ አይነሳም። ባለ 4 ምት ሙዚቃ የሚመራበትን የቀኝ እጅ እንቅስቃሴ በመስታወት ፊት ተለማመዱ፤ ወደ ታች፣ ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ፣ ወደ ላይ። ግራ እጃችሁ ቀኙን አይኮርጅ፤ ድምፅ ያሳድግ፣ ይቀንስ፣ ማን መቼ እንደሚገባ ያሳይ።

ኖታ ማንበብና አንድ መሣሪያ መጫወት ግድ ነው። ቬንዙዌላዊው የኦርኬስትራ መሪ ጉስታቮ ዱዳሜል የተነሳው ከቫዮሊን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2004 በአቀናባሪው ማህለር ስም የሚጠራውን የመሪዎች ውድድር ሲያሸንፍ ገና 23 ዓመቱ ነበር።

ኦርኬስትራ የለም ብላችሁ አትቀመጡ። አራት ዘማሪ ጓደኛ ይበቃል። የቀትሩ ሙቀት ሲበረታ ኖታ አጥኑ፤ ልምምዱን ለምሽት አድርጉት።