በጉ «ለቤቱ ነው»፦ ጀማሪ ገጣሚዎች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በአንድ የጀማሪ ገጣሚያን ውድድር ላይ ዳኛ ሆኜ ተቀምጬ ነበር። ከቀረቡት ግጥሞች ሰባቱ፣ ጸሐፊዎቻቸው ሳይማከሩ፣ በ«ኛል» ቤት ይመታሉ፤ ስንኞቻቸው ሁሉ በዚያው ድምፅ ይዘጋሉ፦ ያመኛል፣ ይናፍቀኛል፣ ያስለቅሰኛል፣ መጨረሻ ላይም እንደ ደንቡ ይገድለኛል። ሰልችቶኝ ይሁን ተንኮል ገፋፍቶኝ፣ ከአንዱ ሁለት ስንኝ፣ ከሌላው ሁለት ስንኝ ቆንጥሬ አንድ ግጥም አደረግኩና ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። ተጨበጨበ። ከባለቤቶቹ መካከል አንዱ ብቻ «የመጀመሪያዋ የእኔ አልነበረችም?» ሲል ጠየቀ፤ እሱም ቢሆን እርግጠኛ አልነበረም።

ከስህተቶች ሁሉ ይህኛው ያንገበግበኛል። አማርኛ ግሡን መጨረሻ ላይ የሚያስቀምጥ ቋንቋ ነው፤ የግሡ ጭራ ደግሞ ባለቤቱንና ተሳቢውን ተሸክሞ ይመጣል። ስለዚህ ስለ ራሱ ስሜት የሚያወራ ሰው ዐረፍተ ነገሩን በጨረሰ ቁጥር «ኛል» ወይም «አለሁ» ላይ ይወድቃል። ይህን ቤት ሰዋስው በነጻ አድሎታል፤ ገጣሚው አልደከመበትም። ያልደከሙበት ቤት ደግሞ አንባቢውን አያስደንቀውም፤ አንደኛው ስንኝ በ«ያመኛል» ሲያልቅ ሁለተኛው በምን እንደሚያልቅ ሰሚው ከገጣሚው ቀድሞ ያውቀዋል። ለማነጻጸር ያህል ይህችን አሁን ጻፍኳት፦

መንገዱ ረዘመ፥ እግሮቼ ሳይነሱ፤
ልቤ ቀድሞኝ ሄዶ፥ ጠፋኝ መመለሱ።

ታላቅ ግጥም ናት አላልኩም። ግን ሁለቱን «ሱ» ተመልከቱ። የመጀመሪያው የብዙ ቁጥር የግሥ ምልክት ነው፤ ሁለተኛው ስም ላይ የተለጠፈ አገናዛቢ ነው። ድምፃቸው አንድ፣ ሥራቸው ሁለት። ጆሮ የጠበቀውን ድምፅ ሲያገኝ አእምሮ ያልጠበቀውን ቃል ያገኛል። ግሥን ከስም፣ ስምን ከቅጽል እያጋጠማችሁ ቤት ለመምታት ሞክሩ፤ «ኛል» በአንድ ሳምንት ውስጥ ይለቃችኋል።

ቤት ሲመታ የመጨረሻውን ፊደል ብቻ ማየትም አይበቃም። «ሰላም» እና «ዓለም» የጀማሪ ሁሉ ወዳጆች ናቸው፤ ሁለቱም በ«ም» ስለሚያልቁ በወረቀት ላይ የገጠሙ ይመስላሉ። ጆሮ ግን ከ«ም» በፊት ያለውን «ላ» እና «ለ» ይለያል። «ዓለም» ከ«ቀለም» እና ከ«የለም» ጋር ቢሄድ ይሻለዋል።

ቤት ለመምታት ሲባል ትርጉም የሚሸጥ ደግሞ አለ። እዚያው ውድድር ላይ አንድ ልጅ ስለ እናቱ የጻፈው ግጥም ደስ ብሎኝ እያነበብኩ ነበር። አንደኛው ስንኝ እናቱን «ደግ» ብሎ ዘጋ። በሚቀጥለው ስንኝ፣ ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ፣ አንድ በግ ብቅ አለ። ግጥሙ ውስጥ ከብት የለም፣ በዓል የለም፣ እረኛ የለም። በጉ ምን ሊሠራ መጣ ብዬ ስጠይቀው ፈገግ ብሎ «ለቤቱ ነው» አለኝ። ልጁን ለሐቀኝነቱ ወደድኩት። ከዚያ ወዲህ ለቤት መምቻ ብቻ የተጎተተ ቃል ባየሁ ቁጥር በኅዳጉ ላይ «በግ» ብዬ እጽፋለሁ፤ ተማሪዎቼ ለምደውታል።

ወደ ምጣኔ፣ ማለትም ወደ ስንኝ ርዝመት ልክ፣ ልለፍ። ብዙዎች ጣታቸውን እየቆጠሩ ይጽፋሉ፤ መቁጠሩ ጥሩ ነው፤ የሚቆጥሩት ግን ፊደል ነው። የአማርኛ ግጥም የሚለካው በቀለም ነው፤ ቀለም ደግሞ በአፍ የሚወጣ የድምፅ ቁራጭ ነው። ጉዳዩን የሚያወሳስበው ሳድስ፣ እንደ «ም» እና «ት» ያለው ስድስተኛው ፊደል ነው፤ አንዳንዴ አናባቢ ይዞ ይሰማል፣ አንዳንዴ ከፊቱ ካለው ፊደል ላይ ተጣብቆ ይቀራል። «ትምህርት» ሲጻፍ 5 ፊደል ነው፤ ሲነገር ትም-ህርት፣ 2 ቀለም። «ትዝታ» 3 ፊደል ነው፤ ሲነገር ት-ዝ-ታ፣ 3 ቀለም። በዓይን አጭር የሆነው በጆሮ ረጅም ሆነ።

ከላይ ያለችው ምሳሌ የወል ቤት በሚባለው ልክ የተሰፋች ናት፤ አንዱ ስንኝ ሁለት ሐረግ፣ እያንዳንዱ ሐረግ 6 ቀለም። መን-ገ-ዱ-ረ-ዘ-መ፤ እግ-ሮ-ቼ-ሳይ-ነ-ሱ። አሁን አንድ ስሜታዊ ጀማሪ መጥቶ «የደከሙት እግሮቼ ሳይነሱ» ብሎ ያሳምርላታል። ሐረጉ ከ6 ወደ 10 ቀለም ዘለለ፤ ጮክ ብላችሁ ስታነብቡት ደረጃ ስቶ እንደሚወርድ ሰው ትደናቀፋላችሁ። ደግሞስ ያልተነሣ እግር በምን ደከመ? አንድ ቅጽል ሲጨመር ምቱም ነገሩም አብረው ተበላሹ።

ሌሎችም ልኮች አሉ። ቡሄ በሉ 4 በ4 ይሄዳል፣ ሰንጎ መገን 5 በ5፣ በጸጋዬ ገብረ መድኅን ስም የሚጠራው የጸጋዬ ቤት ደግሞ 8 በ8። ስማቸውን ባትሸመድዱም አልቆጣም። አንዱን ልክ ጀምሮ ሳይታወቅ ወደ ሌላው መንሸራተት ግን ያስቆጣኛል፣ በተለይ ጸሐፊው «ሆነ ብዬ ነው» ሲለኝ። ሆነ ተብሎ የተሰበረ ምት የተሰበረበት ቦታ ላይ አንድ ነገር ይፈጸማል፦ ሰው ይሞታል፣ በር ይዘጋል፣ ሐሳብ ይዞራል። የእናንተ የተሰበረው «እና» ላይ ከሆነ ሳትቆጥሩ ጽፋችኋል።

የጎደለውን ቀለም በ«እኮ»፣ በ«እንግዲህ» እና በ«ያ» መሙላትም ያው በግ ነው።

ነጻ ግጥም እጽፋለሁ ለሚለው አንድ ጥያቄ አለኝ፦ ስንኙ ለምን እዚህ ላይ ተቆረጠ? መልስ ካለው ይቀጥል፤ ከሌለው የጻፈው ወደ ታች የተደረደረ ዝርው ነው።

በዘይቤ በኩል ያረጀ ንጽጽር ላይ ብዙ አልቆይም። ጥርሷ እንደ ወተት፣ አንገቷ እንደ ብርሌ፤ ብርሌ በእጁ ጨብጦ የማያውቅ ልጅ ይህን ሲጽፍ የሰማውን እየደገመ ነው፤ ያየውን ይጻፍ። እንባን ባሕር ማድረግም እንዲሁ፤ ግነት የሚሠራው አጠገቡ አንድ ትንሽ፣ እውነተኛ ነገር ሲኖር ነው። በእያንዳንዱ ስንኝ ላይ «ሆይ» የሚል ሰው ደግሞ ማንንም እየጠራ አይደለም።

የሚያስቆመኝ የተጋጨ ዘይቤ ነው። «ፍቅርሽ እሳት ሆኖ ሥሩን ሰደደብኝ» የሚል ስንኝ ደርሶኛል። ምጣኔው 6 በ6፣ እንከን የለውም። ግን እሳት ምን ሥር አለው? ጸሐፊው «እሳት» ሲል ማቃጠሉን አሰበ፣ «ሥር» ሲል መዝለቁን አሰበ፤ ሁለቱን አንድ ዕቃ ውስጥ ሲከት ግን ቀና ብሎ አላየም። «እሳት»ን አውጥተን «ዋርካ»ን አስገባን፦ «ፍቅርሽ ዋርካ ሆኖ ሥሩን ሰደደብኝ»። ቀለሙ ያው 6 ነው። አሁን ግን ለሚቀጥሉት ስንኞች ጥላም፣ ቅርንጫፍም፣ ግድግዳ የሚሰነጥቅ ሥርም ተገኘ። ተለዋጭ ዘይቤ ማለት አንድን ነገር ሌላ ነገር ነው ብሎ መማል ነው፤ ከማሉ በኋላ ቢያንስ እስከ አርኬው፣ እስከ ስንኞቹ ክፍል፣ መጨረሻ መጽናት ይገባል።

በዚህ ጉዳይ እኔ ራሴ ንጹሕ አይደለሁም። በወጣትነቴ «የተስፋዬ ጀልባ ክንፉ ተሰበረ» የሚል ስንኝ ጽፌ በአንድ የሥነ ጽሑፍ ምሽት ላይ በታላቅ ድምፅ አንብቤአለሁ፤ ዓይኔን ጨፍኜ ሁሉ። ሲያልቅ አንዲት ከፊት የተቀመጡ አሮጊት ጠሩኝና፣ ማንም እንዳይሰማብኝ ዝግ ብለው፣ «ልጄ፣ ጀልባው ወፍ ነበር እንዴ?» አሉኝ። ቤቴ ገብቼ ወረቀቱን ደጋግሜ አየሁት። ክንፉ ከየት እንደመጣ አስታወስኩ፤ «መቅዘፊያው» 4 ቀለም ሆኖ ሐረጉ ከልኩ አልፎብኝ፣ «ክንፉ» በ2 ቀለም ስለተመቸኝ ነበር። በግ።

የመጨረሻው ሰምና ወርቅ ነው። የተደበቀ ሐሳብ ያለው ግጥም ሁሉ ሰምና ወርቅ ይባልልኝ የሚል ሰው በዝቷል። ስሙ የመጣው ከአንጥረኛ ሥራ ነው፦ ቅርጹ በሰም ይሠራል፣ በጭቃ ይለበጣል፣ ሰሙ በእሳት ቀልጦ ሲወጣ በቦታው ወርቁ ይፈስሳል። ሰሙ ቅርጽ ከሌለው ወርቁም ቅርጽ አይኖረውም። በግጥምም እንደዚያው ነው፤ ላይ ላዩን የሚነበበው ታሪክ ራሱን ችሎ መቆም አለበት፣ ሁለቱን የሚያገናኝ ኅብረ ቃል፣ ሁለት ትርጉም የሚሸከም ቃልም፣ ያስፈልጋል። ጀማሪው ወርቁን ብቻ አስቦ ሲጽፍ ሰሙ ትርጉም አልባ ይሆንበታል፤ አንባቢ እንዳያመልጠው ሲል ደግሞ በመጨረሻው ስንኝ ወርቁን ያብራራዋል። ቀልድ ተናግሮ የሚያስረዳ ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል?

የራሴን ላሳያችሁ፦

ገንዘቡን ጨርሶ፥ ተራቁቶ ከርሞ፤
ልብስ ገዛ ወንድሜ፥ በስተርጅና ደግሞ።

ሰሙ ግልጽ ነው፤ ሰውየው ተራቁቶ ኖሮ በስተርጅናው ልብስ ገዛ። ኅብረ ቃሉ «ልብስ» ነው፤ «ልብ» እና «ስ» ተብሎ ሲከፈል ልብ ገዛ፣ አደብ ገዛ ማለት ይሆናል። ገንዘቡን ከጨረሰ በኋላ መሆኑ ነው ነገሩ።

አንድ ጉድለት አለባት፤ እናንተ ሳትነግሩኝ ልናገር። «ልብስ» ለሰሙ ሲነበብ «ብ» ላልቶ 1 ቀለም ነው፤ ለወርቁ ሲነበብ «ብ» ይጠብቅና 2 ቀለም ይሆናል፣ ሐረጉም 7 ይገባል። በወረቀት ላይ አይታወቅም፤ ጮክ ብሎ የሚያነብ ግን አንዱን መምረጥ አለበት። ለወርቁ አጥብቄ ባነብበው ምቱም ይሰናከላል፣ ሚስጥሩም ይወጣል። ስለዚህ መድረክ ላይ አላልቼ፣ ስለ ልብስ ብቻ እንደማወራ ሆኜ አነብባለሁ። አዳራሹ ዝም ይላል። ወደሚቀጥለው ግጥም ገብቼ ሁለት ስንኝ ካነበብኩ በኋላ ከኋላ ወንበር አንድ ሰው ብቻውን ይስቃል።