ከፍ የተደረገ ላንድክሩዘር ሊማሊሞ ላይ ፍሬኑ ለምን ይከዳል?

ሞላና ባሌስትራው ተቀይሮ 5 ሴንቲሜትር ከፍ ያለ፣ 285/75 አር 16 ጎማ የገጠመ፣ ፖርቶመጋላው ላይ ትርፍ ጎማ፣ ጀሪካንና ድንኳን የጫነ መኪና ከጎንደር ደባርቅ ድረስ ያለ ችግር ይሄዳል። ጣጣው የሚመጣው ሊማሊሞን ወደ ዛሪማ ሲወርድ ወይም በሰሜን ተራሮች ከቧሂት ወደ ጨነቅ ሲመለስ ነው። መጀመሪያ የፍሬን ሸራ ሽታ፣ ቀጥሎ ከፊት ጎማ ጭስ፣ በመጨረሻ ፔዳሉ ወለል ይነካል። የፍሬን ዘይቱን መጠንና የሸራውን ውፍረት ሳያይ ከቤቱ የሚወጣ ሰው ስለሌለ እሱን እንለፈው።

መጀመሪያ ፔዳሉ እንዴት እንደከዳ ለዩ። ለስልሶ ወለል ድረስ ከወረደ ዘይቱ ፈልቷል። እንደወትሮው ጠንክሮ መኪናው ግን ካልቆመ ሸራው ተቃጥሎ ላዩ እንደ መስታወት ሆኗል፤ ይቀየር። ፔዳሉ ደርቆ በሙሉ ጉልበት ካልተረገጠ የማይዝ ከሆነ ሰርቮው፣ ማለትም የእግርን ጉልበት የሚያግዘው ክፍል፣ ቫኪዩም አጥቷል። በ1ኤችዜድ የላንድክሩዘር ናፍጣ ሞተር ቫኪዩሙን የሚሰጠው ከዲናሞው ጀርባ ያለው ፓምፕ ነውና እሱንና ቱቦውን እዩ። ናፍጣ ለመቆጠብ ሞተር አጥፍቶ ቁልቁለት የሚወርድ ሰው ይህን ችግር በገዛ እጁ ያመጣዋል፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ከረገጠ በኋላ የሰርቮው እርዳታ አለቀ። ወደ አንድ ጎን የሚስብ ከሆነ ሸራውን ዲስኩ ላይ የሚጨምቀው የካሊፐሩ ፒስተን ወይም ፒን ተጣብቋል።

ደጋግሞ የሚያጋጥመው የመጀመሪያው፣ ዘይቱ የሚፈላበት ነው። ሰው ሁሉ ሸራ ይቀይራል፣ ዘይት ይቀይራል፣ በሚቀጥለው ጉዞ ያው ይደገማል። ምክንያቱም ሥሩ ያለው ኋላ ነው።

ኤቢኤስ በሌላቸው በአብዛኞቹ ላንድክሩዘሮችና ሃይሉክሶች ላይ ከኋላ አክስል በላይ፣ ሻንሲው ላይ አንድ የግፊት ማመጣጠኛ ቫልቭ ታስሯል። ከአክስሉ ጋር የሚያገናኘው ቀጭን ዘንግ አለው። ጭነት ሲበዛ ሻንሲው ወደ አክስሉ ይጠጋል፣ ዘንጉ ቫልቩን ይገፋል፣ ለኋላ ፍሬን ብዙ ግፊት ይሄዳል። መኪናውን 5 ሴንቲሜትር ስታነሱት ቫልቩ መኪናው ባዶ ነው ብሎ የኋላውን ግፊት ይቀንሳል። ሙሉ ጭነት ይዞ የሚወርደው መኪና የሚቆመው በፊት ፍሬን ብቻ ነው ማለት ይቻላል። ትልቁ ጎማም ያባብሰዋል፤ ከ7.50 አር 16 ጋር ሲነጻጸር ቁመቱ በ3 ሴንቲሜትር ገደማ ይበልጣል፤ ፍሬኑም የሞተሩ መያዝም በዚያው ልክ ይደክማሉ።

ማረጋገጫው ቀላል ነው። ከቁልቁለቱ በኋላ ሰፊ ቦታ ቁሙና በአራቱም ቸርኬዎች ላይ ጥቂት ጠብታ ውሃ ጣል አድርጉ። ፊቱ ጩስ ብሎ ወዲያው ሲደርቅ ኋላው ላይ ውሃው ዝም ብሎ ከወረደ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ቫልቩ ነው። ዲስኩ ላይ ግን ውሃ እንዳታደርሱ፤ የጋለ ዲስክ በቀዝቃዛ ውሃ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል።

መፍትሄው ዘንጉ አክስሉ ላይ የሚታሰርበትን ቦታ መኪናው በተነሳበት ልክ ማንሳት ነው። ለ5 ሴንቲሜትር 5 ሴንቲሜትር። ከ4 ሚሊሜትር ላሜራ የተቆረጠ ቅንፍ በሁለት ቡሎን ይታሰራል። ዘንጉን ማጠፍ አይሆንም፤ ይሰበራል። ጭቃ ውጦት የደረቀውን የቫልቭ ጎማም እዩ፣ ፒኑ በእጅ ሲገፋ መንቀሳቀስ አለበት። ከዚያ በኋላ ሰው በሌለበት ሜዳ፣ ኮረኮንች ላይ በ30 ኪሎሜትር ፍጥነት ባዶውን መኪና አጥብቃችሁ ያዙት። መጀመሪያ መቆለፍ ያለበት የፊቱ ነው። ኋላው ከቀደመ ቅንፉን ዝቅ አድርጉ።

ቫልቩን አውጥቶ በቀጥታ ቱቦ የሚያገናኝ ጋራዥ ካጋጠማችሁ መኪናችሁን ይዛችሁ ውጡ። ባዶ ሲሆን ኋላው ቀድሞ ይቆለፋል፤ ሊማሊሞ ጠመዝማዛ ላይ ኋላው የዞረ መኪና ገደል እንጂ ሌላ መድረሻ የለውም።

ከቅንፉ ጋር አብሮ የሚሠራው ዘይቱ ነው። አንዴ የፈላ ዘይት ሲቀዘቅዝ ፔዳሉ ይመለሳል፤ ብዙዎች ተስተካከለ ብለው የሚታለሉት እዚህ ላይ ነው። ዶት 3 አዲስ ሲሆን ቢያንስ 205 ዲግሪ ይችላል፣ እርጥበት ከጠጣ በኋላ እስከ 140 ሊወርድ ይችላል። ዶት 4 ከ230 ወደ 155። ዶት 4 ግዙ፣ አንድ ሊትር ይበቃል፣ ማሸጊያው ያልተነካ ይሁን። ተከፍቶ የከረመ ጠርሙስ አትቀበሉ። ቡና የመሰለ ዘይት ካያችሁ ቀኑን አትጠይቁ፣ ድፉት። ዶት 5 ሲሊኮን ስለሆነ አይቀላቀልም። የመሪ ወይም የሞተር ዘይት ጠብ ያደረገ ሰው በፍሬኑ ውስጥ ያሉትን የጎማ ማሸጊያዎች ሁሉ አሳብጦ ሙሉ ሲስተሙን ያስቀይራል። አየር ሲወጣ ከኋላ ቀኝ ጀምሩ፣ ኋላ ግራ፣ ፊት ቀኝ፣ ፊት ግራ፣ በመጨረሻ የቫልቩ የራሱ ማስተንፈሻ። ይህችን የመጨረሻዋን የሚረሳ መካኒክ ብዙ ነው። ሊማሊሞን የሚያዘወትር ሰው ክረምት ሲወጣ፣ መስከረም ላይ፣ በየዓመቱ ይቀይር።

የፍሬን ጎማ ቱቦውንም እዩት። መኪናውን በክሪክ አንሥታችሁ ጎማው እንዲንጠለጠል አድርጉ፣ መሪውን እስከ ዳር ወደ ሁለቱም ጎን አዙሩ። ቱቦው ከተወጠረ ረጅም ይቀየር።

አወራረዱ፦ ዳገቱን በምትወጡበት ማርሽ ውረዱ፣ ማርሹንም ቁልቁለቱ ሳይጀምር አስገቡ። ኤል ፎር (ዝቅተኛው ባለ አራት ጎማ ማርሽ) ለኮረኮንችና ለጭቃ ብቻ ነው። ፍሬኑን አጠር አድርጋችሁ አጥብቃችሁ ያዙና ልቀቁ፤ እግር አስደግፎ መውረድ ነው የሚያቃጥለው። ከጓደኛ ጋር ስትጓዙ ከኋላ ያለው ሽታውን ቀድሞ ያሸታልና ጥሩንባ ይንፋ፤ በመካከላችሁም ቢያንስ አንድ ጠመዝማዛ ይኑር። ሽታ ካለ ቁሙ፣ ለጎማ ድንጋይ አድርጉ፣ እግራችሁን ከፔዳሉ አንሡ፣ ግማሽ ሰዓት ጠብቁ። የእጅ ፍሬን በጋለ ታምቡር ላይ አትሳቡ።

ሌሎቹ አጭር ናቸው። ከሳንቃ በር በላይ ጥቁር ጭስና ጉልበት ማጣት የአየሩ መሳሳት ነው፤ የናፍጣ ፓምፑን ቪት አትንኩ። ጨነቅ አካባቢ ራዲያተር ከፈላ መጀመሪያ ክዳኑን ቀይሩ፣ እዚያ ከፍታ ላይ ግፊት ያልያዘ ውሃ 88 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ከተነሳ በኋላ መሪው ከተንቀጠቀጠ የፊት አክስሉ ዘመም ማለት ጠፍቷል፤ ማዕከሉ የተዛባ ቡሽ ያስፈልገዋል። ጎማን ወደ ውጭ ለማውጣት በቸርኬ መሃል የሚገባውን ርካሽ አልሙኒየም ግን ጨርሶ አትግጠሙ፤ ቡሎኑን ይቆርጣል።